ሳላጣራ ያነበብኩት ዜና

ከጭሮ የወጣሁት ዓርብ ቀን፣ ሰው ሁሉ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ በገባበት ሰዓት ነው። ስደተኛ ሁሉ በጨለማ የሚወጣ ይመስላችኋል። እኔ ግን የወጣሁት ፀሐይ አናት ላይ ሆና ነው፤ አባቴ ሱቁን ዘግቶ ከሰፈሩ ዞር የሚለው በሳምንት በዚያች ሰዓት ብቻ ነበርና። ለእናቴ «ገለምሶ ደርሼ ልምጣ፣ ለጌም ቤቱ የሚገዛ ዕቃ አለ» አልኳት። «ምሳህን ሳትበላ?» አለችኝ። ሳምቡሳ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ። ሚኤሶ ቆላው ውስጥ ስንገባ አወጣሁት፤ በሙቀቱ ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ እያለቀስኩ በላሁት። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ በርበሬው የበዛ መስሏቸው ውሃ ሰጡኝ።

መናኸሪያ ድረስ የሸኘኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ነጂብ እለዋለሁ። እውነተኛ ስሙን ለምን እንደማልጽፍ ወደፊት ይገባችኋል። ወደ ሂርና መውጫው ላይ፣ ከቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ውስጥ፣ ጌም ቤት የከፈትነው አብረን ነው። እሱ ሰው ማጫወት ይችልበታል፤ ጠብ ያበርዳል፣ የተሸነፈውን ያስቃል። የእኔ ድርሻ ዜና ነበር። ኢንተርኔት በመጣ ቁጥር ምን አዲስ ጌም እንደወጣ፣ የትኛው እንደተራዘመ አነብና በሩ ላይ በሰቀልነው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። በገበያ ቀን ከበደሳና ከገለምሶ የሚመጡ ጎረምሶች ጫታቸውን ሸጠው ሳይጫወቱ እንኳ ሰሌዳውን አንብበው ይሄዱ ነበር። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ነጂብ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ጨበጠኝና «ስትደርስ ዜናውን ከዚያ ሆነህ አንብብልን» አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም።

ስለ ባሕሩ ብዙ አልጽፍም፤ ብዙ ሰው ጽፎታል። ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል በረርኩ፤ ከዚያ አንድ ማለዳ በጎማ ጀልባ ወደ ግሪክ ተሻገርን። ደላላው «ሁለት ሰዓት ነው» ብሎን እስከ እኩለ ቀን ውሃው ላይ ቆየን። አጠገቤ የነበረች ሶሪያዊት ከቁርኣን ያሲንን ትቀራ ነበር፤ ከንፈሬን ከእሷ ጋር አንቀሳቅስ ነበር። ከዚያ ሁሉ ግን ልቤ ውስጥ የቀረው የደላላው አነጋገር ነው። አይቸኩልም፣ አይቆጣም፣ አንድ ጥያቄ አሥር ጊዜ ብትጠይቀው አሥር ጊዜ በትሕትና ይመልስልሃል። ያንን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው ድጋሚ ሲሰማው ማወቅ ነበረበት።

ጀርመን እንደደረስኩ ቃሌን የተቀበለችኝ መነጽር ያደረገች ሴት ነበረች። አስተርጓሚው የሀገሬ ሰው ነው፤ ጌም ግን ነክቶ አያውቅም።

«የትውልድ ቦታ?»

«ጭሮ።»

«የትምህርት ማስረጃህ ላይ አሰበ ተፈሪ ይላል።»

«አንድ ነው።»

«ሁለት ከተማ አንድ ሊሆን አይችልም። መቼ ነው ከአንዱ ወደ ሌላው የሄድከው?»

«የትም አልሄድኩም፤ ስሟ ነው የሄደው» አልኳት። አስተርጓሚው ይህን እንዴት እንደተረጎመው አላውቅም፤ ሴትዮዋ ግን ረጅም ነገር ጻፈች።

«ሥራህስ?»

«ጌም ቤት ነበረኝ።»

አስተርጓሚው «ሽፒልሀለ» አላት። ያ ቃል እዚህ አገር የቁማር ማሽን የሚደረደርበት ቤት መሆኑን ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሃይማኖትህ ይህን ይፈቅዳል?»

ነገሩ ገረመኝ። «ኳስ ነው የምናጫውተው፤ ለምን ይከለክላል?» አልኩ።

«በኳስ ነው የምታስቆምሩት ማለት ነው?» አለች፤ ደግሞ ጻፈች። የጻፈችው ከማኅደሬ ሳይፋቅ እስከ ዛሬ አለ።

የሆነው ሆኖ የመኖሪያ ፈቃድ አገኘሁ። አንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ የመጋዘን ሥራና ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል አገኘሁ። ዳቦው እንደ ማሽላ እንጀራ ይኮመጥጣል፣ ሲያኝኩት ግን ጣውላ ነው። የጭሮ ዝናብ ይመጣል፣ ያጓራል፣ ጎርፉን ለቆ ይሄዳል፤ የዚህኛው ደጅ ቆሞ ግባም ቢሉት የማይገባ፣ ሂድም ቢሉት የማይሄድ እንግዳ ነው። ጭሮ ዳቦ ልትገዛ ወጥተህ «አካም ጅርታ»ው፣ የእናትህ፣ የአባትህ፣ የላምህ ደኅንነት ተጠይቆ እስኪያልቅ ዳቦው ይደርቃል። እዚህ ጎረቤቴ «ሀሎ» ብላ በሩን ስትዘጋው ነፋሱ ፊቴን ይመታኛል።

ያኔ ነው የነጂብ ቃል ትዝ ያለኝና ማይክ የገዛሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ የጌም ዜና በአማርኛ እያነበብኩ ቪዲዮ መልቀቅ ጀመርኩ። አከራዬ ኸር ክራውዘ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው፤ በሦስተኛው ቅዳሜ በሬን አንኳኩ።

«ከማን ጋር ነው የምትጣላው?»

«አልተጣላሁም፤ ዜና እያነበብኩ ነው።»

«ለማን?»

«ለሀገሬ ሰዎች።»

«ሰዎቹ ምን አድርገውህ ነው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማንበብ ለመድኩ። ሰው ደግሞ ያንን ወደደው፤ «ምስጢር እንደሚነግረን ነው የሚያወራው» እያሉ አስተያየት ይጽፉልኝ ጀመር። ከሂርና፣ ከገለምሶ፣ ከበደሳ፣ አንዳንዱም ከሪያድ። ነጂብ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ቪዲዮዬን በትልቁ ስክሪን ለደንበኞች ያሳይ ነበር። «እዚህ የተከበርከው ከሄድክ በኋላ ነው» ይለኝ ነበር።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን አፌ ተያዘ። ማይኩን አብርቼ «ሰላም የጌም ቤተሰቦች» እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ባዶ። ዜና ጠፍቶ አይደለም። ዜናው ነው ያፈነኝ። አንዱ ስቱዲዮ ጌሙን ጨርሶ ባወጣ ማግስት የሠሩትን ሰዎች አሰናበተ። ሌላው ስንት ዓመት ያስጠበቀንን ጌም ደግሞ አራዘመው። አንድ የቆየ የኦንላይን ጌም ሰርቨሩ ሊዘጋ ነው፤ ሰዎች ዓመታት ሙሉ ቤት የሠሩበት፣ ጓደኛ ያፈሩበት ዓለም ነው፤ አንድ ቀን ጠዋት ማንም መግባት አይችልም። ሥዕሉን ማሽን ይሥለዋል፣ ድምፁን ማሽን ያሰማዋል፣ ሠዓሊው ወደ ቤቱ። እኔ ይህን ለበደሳ ልጅ በምን አፌ ልንገረው? ደብተሩ ላይ ጌም የሚሥል፣ አንድ ቀን እሠራለሁ ብሎ የሚያልም ልጅ ነው። ድሮ ቢሆን ቀልድ ፈልጌለት አሳልፈው ነበር። አሁን ቀልዱ አልመጣ አለ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አጠፋለሁ፤ ሁለተኛውን ጽፌ ሁለቱንም አጠፋለሁ። ሁለት ወር እንዲህ ሄደ።

«ምነው ጠፋህ?» አለኝ ነጂብ በድምፅ መልእክት። «ዋላሂ ዝናቡ አፍህ ውስጥ ገብቶ ነው። እዚህ ሰው ይጠይቃል።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ሰው ስልህ፣ ያው አራት አምስት ናቸው። ሁሉም በስልኩ መጫወት ጀምሯል» አለ። ሳቀ። ሳቁን ሰማሁ እንጂ የተናገረውን አላዳመጥኩም።

በዚያ ሰሞን ነው ሳሚ ነኝ ያለ ሰው የጻፈልኝ። «ሰላም ወንድም ከድር። ሥራህን እናደንቃለን።» በጣም ትሑት ነበር። በሩቅ ምሥራቅ ያለ አንድ ትልቅ የጌም ኩባንያ፣ ጌም ከመውጣቱ በፊት እየተጫወቱ ስሕተት የሚፈልጉ ሞካሪዎች ከአፍሪካ ይቀጥራል፤ እንግሊዝኛ የሚችል፣ ኪቦርድ ላይ ፈጣን የሆነ ይበቃል፤ ትኬቱም ማደሪያውም በኩባንያው ነው። «እንዳትቸገር የምታነበውን ጽሑፍ አዘጋጅተንልሃል» አለና ላከልኝ።

እውነቱን ልናገር። ለዚያ ቪዲዮ ከማንም ምንም አልተቀበልኩም። የገዛኝ የተዘጋጀው ጽሑፍ ነው። ሁለት ወር ሙሉ አንድ መስመር አልሞላ ብሎኝ፣ ያማረ አማርኛ ከነመግቢያው ከነመዝጊያው እጄ ላይ ተቀመጠ። ያውም ስለ መባረር ሳይሆን ስለ መቀጠር። በሌላ ጊዜ ቢሆን ኩባንያው ከዚህ በፊት ምን ጌም ሠርቷል ብዬ እፈልግ ነበር። ያን ቅዳሜ አልፈለግኩም። ሻይዬን አጠገቤ አድርጌ አነበብኩት፤ አንዴም አልተሰናከልኩም። ካወጣኋቸው ሁሉ ብዙ ሰው ያየው እሱ ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት ነጂብ ደወለ።

«ከድር፣ ተቀበሉኝ!»

«እነማን?»

«አንተ ያነበብከው ነዋ! አብዲም ፎርሙን ልሙላ ብሎኝ ነበር፤ ቆይ እኔ ቀድሜ ልየው አልኩት።» አብዲ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ተመርቆ ሥራ ያጣ።

«ምን ጠየቁህ?»

«እንግሊዝኛ አናገሩኝ። በደቂቃ ስንት ቃል ትጽፋለህ አሉኝ። ደግሞ የማታውቃትን ሴት በጽሑፍ ማጫወት ትችላለህ ወይ አሉኝ» ብሎ በሳቅ ፈነዳ።

«ስለ ጌምስ?»

«ስለ ጌም… አልጠየቁኝም።»

«ነጂብ፣ ቆይ እስኪ ላጣራልህ።»

«አንብበህ ከጨረስክ በኋላ ነው የምታጣራው?»

«ጥቂት ቀን ብቻ ስጠኝ።»

«ከድር» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ሳቁ አልነበረም። «አንተ ያን ዓርብ ስትሄድ እኔ ቆይ ብዬሃለሁ?»

ያን ዕለትና በማግስቱ ስፈልግ ዋልኩ። ኩባንያው ገጽ አለው፣ ያማሩ ፎቶዎች አሉት፤ የሠራው ጌም ግን አንድም የለም። የቢሮው ፎቶ ሌላ አገር የሚገኝ የሌላ ድርጅት ሕንፃ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ስነግረው ነጂብ የጌም ቤቱን ስክሪኖች ሸጦ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። «ባይሆን አይቼው እመለሳለሁ» አለኝ።

ባንኮክ እንደደረሰ ስሙ በካርቶን ተጽፎ የቆመ ሰው ፎቶ ላከልኝ። ከዚያ በኋላ እኔ መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን ስደረድር የድምፅ መልእክቶቹ አንድ በአንድ ይመጡ ነበር። «መኪና ውስጥ ነን፤ ቢሮው ከከተማ ወጣ ያለ ነው ይላሉ።» «አሁንም እየሄድን ነው፤ ሁለት ኬንያውያን አሉ።» «ከድር፣ ከተነሳን ስድስት ሰዓት ሆነን።» «ሲም ሊቀይሩልን ስልካችንን እየሰበሰቡ ነው።» የመጨረሻው በሹክሹክታ ነው፣ ሞተር ይሰማል፤ «ወንዝ አለ። ማዶ ነው ይላሉ። ድልድይ ግን አይታየኝም።»

አሥራ አንድ ቀን ጠፋ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጽሑፍ መጣ። «ሰላም። ደኅና ነኝ። ሥራው በጣም ጥሩ ነው። ለጓደኞችህም ንገር።»

ነጂብ ጽሑፍ አይጽፍም። ፊደል ይምታታበታል፤ ድንገት ቢጽፍ እንኳ ግማሹ ኦሮምኛ ነው፣ «ዋላሂ» የሌለበት ጽሑፍ ከእሱ ደርሶኝ አያውቅም። ይህኛው ግን እያንዳንዱ ነጥብ ቦታው ላይ ነበር። «ጌም ቤታችን በር ላይ ምን ሰቅለን ነበር?» ብዬ ጻፍኩ። «ሥራ ላይ ነኝ ወንድም» አለኝ። ነጂብ በሕይወቱ «ወንድም» ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

እዚህ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ወጣቱ ፖሊስ ጨዋ ነበር።

«የጠፋው ሰው እዚህ አገር ነው የሚኖረው?»

«አይደለም።»

«እዚህ አገር ነው የጠፋው?»

«አይደለም።»

«የወሰዱት ሰዎች እዚህ ናቸው?»

«አይመስለኝም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ ከነገሩ ውስጥ እዚህ አገር ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ምን አደረግክ?»

«ማስታወቂያውን አነበብኩ» አልኩት። በትኩረት አየኝና ስሜን መዘገበ። የሞላነው ፎርም ላይ የተጻፈው ስም የእኔ ብቻ ነበር።

ቤት ገብቼ ማይኩን አበራሁ። ሁለት ወር የጠፋው ቃል ያን ቀን ሳልጽፈው መጣ። ኸር ክራውዘ ቢያንኳኩም አላቆምኩም። አሳሳትኳችሁ፤ የጌም ሥራ የለም፤ ሰው አግተው በጽሑፍ ሌላውን እንዲያጭበረብር የሚያስገድዱ ይመስሉኛል፤ አትሂዱ፤ ፎርሙን የሞላችሁም ተዉት አልኩ። አስተያየቶቹ ወዲያው ጎረፉ። «ራሱ ጀርመን ተቀምጦ ለሌላው በር ይዘጋል» ይላል አንዱ። «ቀናህ?» ይላል ሌላው። አንዲት ከሂርና የጻፈች «ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ሄዷል፤ ምን እያልክ ነው?» ብላለች። ለእሷ መልስ ስጀምር የሳሚ መልእክት ገባ።

«ወንድም ከድር፣ እንደምን አለህ። ቪዲዮውን ብታጠፋው ለነጂብ ጥሩ ነው።»

ያው የደላላው ዓይነት አነጋገር። አይቸኩልም፣ አይቆጣም። የሂርናዋ ልጅ መልስ ትጠብቃለች፤ ነገ የሚሞላው ልጅ ይኖራል፤ ነጂብ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። ቪዲዮውን አጠፋሁት። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ሳሚ «እናመሰግናለን» ብሎ ጻፈልኝ።

ካጠፋሁት አሥር ቀን ሆኖት ነበር፣ አዴ ሶፊያ ሲደውሉ። የነጂብ እናት ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ልብስ ይሸጣሉ፤ እኔንም እንደ ልጃቸው ነው ያሳደጉኝ። እሑድ ጠዋት ነበር። ከኋላቸው የባጃጅ ጥሩንባና ሰው ሲጠራራ ይሰማኛል።

«ከድር፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ደኅና ነህ? ብርዱ እንዴት ነው?»

«አልሃምዱሊላህ፣ አዴ። እርስዎስ?»

«አልሃምዱሊላህ። ነጂብ ጽፎልናል፤ አብዲ አነበበልኝ። ሥራው ጥሩ ነው አለ። አብዲም ይምጣ ብሏል፣ ትኬት ልከውለታል። ረቡዕ ይሄዳል። ግን ለምን ድምፁን አያሰማኝም? አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው የደወልኩት።»

ሳሚ ይህን ስልክ የሚሰማ መሰለኝ፤ እንደማይሰማ አውቃለሁ፣ ግን መሰለኝ። «ሥራ በዝቶበት ነው» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቴን ነው፣ ምላሴ ላይ ነበር።

«አዴ፣ አብዲ አይሂድ» አልኩ።

«ለምን? ወንድሙ ያለበት አይደል?»

«የጻፈላችሁ ነጂብ አይመስለኝም።»

ባጃጁ አለፈ። እንግዲህ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልኩን እንደሰበሰቡበት፣ ስለ ወንዙ፣ ያነበብኩት ሳላጣራ መሆኑን፣ ከዚያም ማስጠንቀቂያውን ፈርቼ ማጥፋቴን። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም።

«አንተ ነህ ያነበብከው» አሉ በመጨረሻ። መጠየቃቸው ይሁን መፍረዳቸው አልለየሁም።

«እኔ ነኝ።»

ስልኩን ከጆሯቸው ሲያርቁት ሰማሁ። ከዚያ ጮክ ብለው፣ በኦሮምኛ፣ አጠገባቸው ላለ ሰው፦ «አብዲ! ሂን ዴምቱ!» አትሄድም። የአብዲ ድምፅ ተቃወመ፣ ወንበር ተገፋ፣ እሳቸው ደግመው «ሂን ዴምቱ» አሉ፤ በሁለተኛው ድምፃቸው ተሰበረ። የሆነ ነገር ሲቀደድ ሰማሁ። ወረቀት ይሁን ጨርቅ አላውቅም።

ተመልሰው መጡ።

«እሱስ?» አሉኝ።

ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም። ነጂብ ካለበት ከዚያ ወዲህ አንድም መልእክት አልመጣም፤ በጥሩ አማርኛ የተጻፈውም እንኳ ቀርቷል። ይህን ጽፌ ስለቅ ሳሚ እንደሚያነበው አውቃለሁ።

«ከድር፣ አለህ?»

«አለሁ፣ አዴ።»

«ታዲያ ዝም አትበለኝ» አሉ።